መልቲሩም ኦዲዮ ምንድን ነው?

መልቲሩም ኦዲዮ ማለት በተለያዩ ክፍሎች የተቀመጡ ስፒከሮች ከአንድ ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ፣ የሚታዘዙበት የቤት የድምፅ ሲስተም ነው። ሲያሻችሁ ሳሎን፣ ማድ ቤትና በረንዳ ላይ አንድ ዘፈን እኩል ይሄዳል። ሲያሻችሁ ደግሞ ሳሎን ዜና፣ መኝታ ቤት መዝሙር፣ ማድ ቤት ዝም። የየክፍሉን ድምፅ ለብቻ ከፍ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ከባዱ ሥራ ስፒከሮቹን እኩል ማስኬድ ነው።

ብዙ ሰው ሲጀምር ሁለት ሦስት የብሉቱዝ ስፒከር ይገዛና በየክፍሉ ያስቀምጣል። አይሆንም። የተለመደው ብሉቱዝ የተሠራው አንድን ስልክ ከአንድ ስፒከር ጋር ለማገናኘት ነው። በተራ ዕቃ ላይ የሚደርሰውም 10 ሜትር አካባቢ ነው፣ እሱም መሃል ላይ ግድግዳ ከሌለ። ብሎኬት ሲገባበት መቆራረጥ ይጀምራል። ስልኩን ኪሳችሁ ከትታችሁ ወደ ግቢ ስትወጡ ሙዚቃው ይጠፋል፣ ሰው ሲደውል ደግሞ ጥሪው በስፒከሩ ይጮኻል። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ስፒከሮች እርስ በርስ የሚያያይዙበት መንገድ አላቸው፣ በ2022 ይፋ የሆነው አውራካስትም አንድ መሣሪያ ለብዙ ተቀባዮች እንዲያሰራጭ ያስችላል (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለግቢ ድግስ ጥሩ ናቸው። ብዙ ክፍልና ፎቅ ላለው ቤት ግን ዋይፋይ ወይም ገመድ ይሻላል።

በዋይፋይ ሲሆን ስፒከሩ ራሱ ራውተሩ ላይ ይገባል። በብዙዎቹ ሲስተሞች ስልካችሁ ሪሞት ብቻ ነው፤ ዘፈኑን ከኢንተርኔት የሚስበው ስፒከሩ ነው። ስልኩን ይዛችሁ ገበያ ብትሄዱም ቤት ያለው ሙዚቃ አይቋረጥም። በአፕል ኤርፕሌይ (ከአይፎን ድምፅን በዋይፋይ ወደ ስፒከር መላኪያ) ከስልክ የምትልኩ ከሆነ ግን ይለያል፣ ስልኩ ከቤት ሲወጣ ሙዚቃውም አብሮ ይወጣል።

አሁን እኩል ወደማስኬዱ እንምጣ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከእናንተ 10 ሜትር የራቀ ስፒከር ምንም ያህል በትክክል ቢሠራ ድምፁ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። ጆሮ ይቺን ይታገሳል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 በዶክትሬት ጥናቱ ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ አንድ ድምፅ ከሁለት ቦታ ተቀራርቦ ሲመጣ አንድ ሆኖ ይሰማል፣ አቅጣጫውንም ጆሮ የሚወስደው ቀድሞ ከደረሰው ነው። ንግግር ላይ ልዩነቱ 30 እና 40 ሚሊሰከንድን አልፎ ሲሄድ ግን የገደል ማሚቶ መምሰል ይጀምራል። እንግዲህ ርቀቱ ብቻውን የጆሮን ትዕግሥት ይህን ያህል ከበላው፣ ለመሣሪያዎቹ ስህተት የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው።

አንዴ እኩል ካስጀመርናቸው አይበቃም ወይ? አይበቃም። እያንዳንዱ ስፒከር ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስን ትንሽ ክሪስታል አለ። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁን ልክ የሚይዝ ቁጥር) ነው፣ ስፒከሩ እነሱን እየቆጠረ የሚያወጣው በዚህ ክሪስታል ምት ነው። ሁለት ክሪስታሎች ደግሞ ፍጹም አንድ ሆነው አያውቁም። በሚሊዮን 50 ብቻ ቢለያዩ በደቂቃ 3 ሚሊሰከንድ፣ በሰዓት 180 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። እራት ሲቀርብ አብረው የነበሩ ስፒከሮች ቡናው ሲፈላ ተጣልተው ታገኟቸዋላችሁ።

መፍትሔው የጋራ ሰዓት ነው። ከስፒከሮቹ አንዱ መሪ ይሆንና ሰዓቱን ለሌሎቹ በኔትወርክ ያካፍላል፣ እያንዳንዱ የድምፅ ቁራጭም መቼ መሰማት እንዳለበት ሰዓቱ ተጽፎበት ይላካል። ስፒከሮቹ ቁራጩ እንደደረሳቸው አያጫውቱትም። ጥቂት ያጠራቅሙና ሰዓቱ ሲደርስ እኩል ይለቁታል። የቀደመ ካለ በማይታወቅ መጠን ይዘገያል፣ የዘገየም ይፈጥናል፤ ማኅሌት ላይ ሁሉም በከበሮው ልክ እንደሚሄደው ማለት ነው። ፕሌይ ነክታችሁ ሙዚቃው ትንሽ ቆይቶ የሚጀምረውም በዚህ ማጠራቀም የተነሳ ነው። ለዘፈን ግድ የለም። ለፊልም ግን ችግር ነው፣ ድምፁ ሲጠራቀም የተዋናዩ ከንፈርና ንግግሩ ይለያያል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ከሳውንድባሩ (ከቲቪ ሥር ከሚቀመጠው ረጅም ስፒከር) ጋር በገመድ ይገናኝ፣ ማድ ቤት ያለው ስፒከር ትንሽ ቢዘገይም እዚያ ሆኖ ከንፈር የሚያይ የለም።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ሶኖስ የሚባለው ኩባንያ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ውስጥ በ2002 ተቋቁሞ ዕቃዎቹን በ2005 መሸጥ ጀመረ። አይፎን ገና አልነበረም፣ ስለዚህ ስክሪን ያለው የራሱ ሪሞት ነበረው። አፕል ለብዙ ክፍል የሚሆነውን ኤርፕሌይ 2 ያመጣው በ2018 ነው። ጎግል ደግሞ አሮጌ ቴፕን ዋይፋይ ላይ የሚያስገባ ክሮምካስት ኦዲዮ የምትባል ርካሽ ነገር በ2015 አውጥቶ ነበር፣ በ2019 ተዋት። ያሳዝናል፣ ከሁሉም የምትጠቅመው እሷ ነበረች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሶኖስ በ2020 ጎግልን በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) ከሰሰ። በ2022 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ለሶኖስ ሲፈርድ፣ ጎግል የተያያዙ ስፒከሮችን ድምፅ በአንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረጊያውን ከደንበኞቹ ላይ አነሳ። ዕቃው ቤታችሁ ነው፣ ከፍላችሁበታል፣ ግን አንድ አፕዴት መጥቶ ችሎታውን ይቀንሰዋል። ሶኖስ ራሱ በሜይ 2024 ያወጣው አዲስ አፕ ማንቂያ ደወልን የመሰሉ የነበሩ ነገሮች ጎድለውት ስለመጣ ደንበኞቹን አስቆጣ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም በጃንዋሪ 2025 ለቀቁ። ስለዚህ ስትገዙ የድምፅ ገመድ ማስገቢያ ያለውን ስፒከር ምረጡ። አፑ ቢሞት እንኳ ስፒከሩ ስፒከር ሆኖ ይቀራል።

ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዋይፋያችሁን እዩ። እኔ ብሆን ብሩን መጀመሪያ የማወጣው ለእሱ ነው። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ብሎኬትና ብረት የበዛበት ሶሌታ ነው፤ ሳሎን ቲቪ ጀርባ የተወሸቀ ራውተር ፎቅ ላይ ያለውን መኝታ ቤት በደህና አይደርስም። ዋይፋይ በሁለት ሞገድ ይሄዳል እንበል፦ 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ማለፍ ይችላል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ግን እዚያው ላይ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። የሚያስተማምነው ከራውተሩ ወደ ፎቅ አንድ የኔትወርክ ገመድ ስቦ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን እዚያ የሚያሰራጭ ዕቃ) መትከል ነው። ዋይፋይን ያለ ገመድ ከሚያራዝም ርካሽ ኤክስቴንደር ተጠንቀቁ፦ አንዳንዱ ስፒከሮቹ «አለሁ» የሚሉበትን መልእክት አያሳልፍም፣ አንዳንዱም የራሱን የተለየ ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ከዚያ ስልካችሁ ስፒከሩን ፈልጎ ያጣዋል። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ የገባ ስልክም እንደዚያው ነው። ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ደግሞ፣ በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሚመጣ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ሦስት ክፍል የተለያየ ዘፈን ከከፈተ በሦስት አባዙት።

ቤቱ ገና ካልተለሰነ ግን ይህን ሁሉ እርሱትና ገመድ ቅበሩ። ከመብራቱ የተለየ ቱቦ ይኑረው፣ የስፒከር ገመዱ ወደየክፍሉ ኮርኒስ ይሂድ፣ አንድ አምፕሊፋየር ሁሉንም ያጫውታል። ሰዓት ማስተካከል የለ፣ አፕ የለ፣ አፕዴት የለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ኦሙ ነው፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፤ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ላይ ጫና ይበዛል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን በአንድ መውጫ ላይ ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፣ አራት ሲሆኑ 2 ኦም፣ ብዙ የቤት አምፕሊፋየር ደግሞ 2 ኦም ላይ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይቃጠላል። ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች ብዙ ስፒከር በአንድ ገመድ የሚያስኬዱት እያንዳንዱ ስፒከር ላይ ትራንስፎርመር ባለው የ100 ቮልት መስመር ነው። መነካካት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ራስቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ርካሽ ኮምፒውተር ላይ ስናፕካስት የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጭናችሁ የድሮውን ቴፕ ከዘመኑ ጋር ማስታረቅ ትችላላችሁ።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ከመላኩ በፊት የመብራት ጽሑፉን ፎቶ አስነሱ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይምጣ። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፣ ትራንስፎርመር ካልተገዛለት በቀር። ራውተሩንም በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ደግፉት፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሁሉም ስፒከር ከመጀመሪያ ኔትወርክ ሲፈልግ መጠበቅ ያሰለቻል።

ሁሉም ከተተከለ በኋላ በዘፈን አትፈትኑት፣ ዘፈን ስህተት ይደብቃል። ዜና ክፈቱ። ሁለት ስፒከር ብቻ አብሩና በሁለቱ ክፍሎች መካከል፣ በር ላይ፣ ከሁለቱም እኩል ርቃችሁ ቁሙ። የአንባቢው ቃል ድርብ ሆኖ ከተሰማችሁ ወደ አፑ ሴቲንግ ገብታችሁ የማዘግያ ማስተካከያ ካለው የቀደመውን ጥቂት በጥቂት አዘግዩት። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚደርብ ከሆነ ግን ማዘግየቱ አይፈታውም፣ ያኔ ወይ ዋይፋዩን እዩ ወይ ያንን ስፒከር በኔትወርክ ገመድ አገናኙት።