«የሽቦ ቱቦ ግጠምልኝ» ከማለታችሁ በፊት

«የፊት ፍሬኔ ለስልሷል፤ የሽቦውን ቱቦ ግጠምልኝ።» ጅማ ውስጥ ሞተር የሚጠግን ሰው ይህን ሳይሰማ የሚውልበት ሳምንት የለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። የሽቦ ቱቦ የምንለው ውስጡ ቴፍሎን የሚባል ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ በማይዝግ የብረት ሽቦ የተጠለፈውን የፍሬን ቱቦ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ እኔም እገጥማለሁ። ስለ እሱ ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። ነገሩ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ቱቦው ከተቀየረ ሞተሩ ባጭር ይቆማል» ይላሉ። ሞተር የሚቆመው ሸራው ዲስኩን፣ ጎማው ደግሞ መንገዱን ሲይዝ ነው። የቱቦው ሥራ ግፊት ማስተላለፍ ብቻ ነው። የጎማ ቱቦ፣ በተለይ ያረጀ፣ ፍሬን ሲያዝ ትንሽ ይነፋል። ስለዚህ እጀታው ገና ሳይዝ የተወሰነ መንገድ በከንቱ ይሄዳል። የሽቦው አይነፋም ማለት ይቻላል፤ እጀታው ቶሎ ይይዛል፣ ምን ያህል እንደጨመቃችሁም በጣታችሁ ይታወቃችኋል። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ያለቀ ጎማ ይዛችሁ በዝናብ ከተንሸራተታችሁ ግን ቱቦ አያድናችሁም። ቶሎ ስለሚይዝ እንዲያውም እጃችሁ እስኪለምደው ጭቃ ላይ ረጋ ብላችሁ ያዙ።

«ለቦክሰሬም አድርግልኝ» የሚልም አለ። እዚህ የሚነዳው አብዛኛው ቦክሰር ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን ነው፤ የሚሠራው በካቦና በብረት ዘንግ ነው። የፍሬን ዘይት የለውም፣ ቱቦም የለውም። ገንዘባችሁን ለሸራና ለካቦ አውሉት።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚጨርሰው ልምጣ። «እጀታው ከለሰለሰ ጥፋቱ የቱቦው ነው» የሚባለው።

ወደ እኔ ከሚመጡት ለስላሳ ፍሬኖች አብዛኞቹ ቱቧቸው ደህና ነው። ችግሩ ወይ የገባ አየር ወይ ያረጀ ዘይት ነው። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ይጨመቃል። ጥቂት አረፋ ከገባ እጀታው እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን እየከፈቱ፣ ከላይ አዲስ ዘይት እየሞሉ አየሩን ማስወጣት ነው። ርካሽ ሥራ ነው። አንዳንዱ ግን ይህን ስነግረው ሥራ ያልቻልኩ ይመስለዋል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ካልተገጠመለት የተጠገነ አይመስለውም።

ስለ ዘይቱ በደንብ ስሙኝ። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ወደ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናብና እርጥበት የማያጣት ከተማ ናት። በረዥም ቁልቁለት ካሊፐሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደማንኛውም አየር ስለሚጨመቅ እጀታው ባዶ ይሆናል።

አንድ ቡና ነጋዴ ደንበኛዬ የደረሰበት ይህ ነው። ሌላ ቦታ የሽቦ ቱቦ አስገጥሞ ወደ ወልቂጤ ይሄዳል። የጊቤን ቁልቁለት ፍሬን እንደያዘ ሲወርድ፣ ታች ሳይደርስ እጀታው እስከ መሪው ገባ። ማርሽ ቀንሶ ነው የተረፈው። ጥላ ሥር ቆሞ ሞተሩ ሲበርድ ፍሬኑ ተመለሰ። እኔ ጋ የመጣው «ቱቦው ፎርጅድ ነው» ብሎ ነበር። ስከፍተው ዘይቱ ጠቁሯል። ቱቦው አንድም ነገር አልነበረበትም፤ ገጣሚው አዲሱ ቱቦ ላይ አሮጌውን ዘይት መልሶ ሞልቶበት ነበር።

ስለዚህ ዘይቱን ቢበዛ በየ2 ዓመቱ ቀይሩ። እዚህ አገር ለሚነዳ ሰው ክረምት ሲወጣ በየዓመቱ ቢቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ተከፍቶ ወራት የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ። የሞተር ዘይት በፍጹም አይገባም፤ እጀታው ሥር ያለውን የፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሸዋል። «ዶት 5 ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ይሻላል» የሚለውም ስህተት ነው። ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የፓምፑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ረዥም ቁልቁለት ደግሞ በትንሽ ማርሽ ይወረዳል፤ ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ።

«ሽቦ የለበሰ ሁሉ አንድ ነው» የሚሉት ያስደነግጡኛል። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ያለው፣ የእጅ መታጠቢያ ላይ የሚገጠመው ተጣጣፊ ቱቦም ሽቦ ለብሷል። እሱ የተሠራው ለቤት ውሃ ግፊት ነው። ፍሬን ጠንከር ተደርጎ ሲያዝ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለፍሬን የተሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የሌለበትን ቱቦ አትግዙ።

«አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ ነው» የሚሉም አሉ። ቴፍሎን እንደ ጎማ አይሰነጣጠቅም፤ አንዴ ከታጠፈ ግን ያ ቱቦ ይጣላል። ሽቦው መካከል የገባ ጭቃና አሸዋ ከውስጥ ይበላዋል፣ ሽቦው ራሱም የነካውን ቀለምና ገመድ እንደ መጋዝ ይቆርጣል። ላዩ ፕላስቲክ የለበሰውን ምረጡ። ፋብሪካ የገጠመው የጎማ ቱቦም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ብዙ የጃፓን አምራቾች በየ4 ዓመቱ ቀይሩት ይላሉ፤ እዚህ ግን ካልፈነዳ የሚቀይረው የለም።

ቱቦውን በሚያስረው ብሎን ላይ የሚገቡት የመዳብ ሮንዴላዎች አይደገሙም። በብሎኑ ራስ በኩል አንድ፣ በካሊፐሩ በኩል አንድ፣ ሁለቱም አዲስ።

በመጨረሻ ርዝመቱ። ወደ ዴዶም ሆነ ወደ አጋሮ ገጠር የምትወጡ ከሆነ የፊት ሾኩ ጉድጓድ ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ገጣሚው የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ዳር ያዙር፤ ቱቦው የትም መወጠር የለበትም። ከዚያ እጀታውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ አብሱ። ጨርቁ ከረጠበ ከጋራዡ አትውጡ።