«ናሙናው ለፓቶሎጂ ይላክ» ሲባል

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትንሽ እብጠት አስወጥቶ የሚመለስ ሰው ወረቀቱ ላይ «ባዮፕሲ» (ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ ምርመራ) የሚል ሲያይ ይደነግጣል። ካንሰር ተገኘ ማለት ግን አይደለም። ከሰውነት የወጣ እብጠት ምንነቱ እንዲታወቅ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የሥጋ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል፣ ተልኮ መመርመሩ የተለመደ አሠራር ነው፤ የስብ እብጠትም ይላካል።

ውጤቱ የሚዘገየው ሥጋው እንደ ደም ወዲያው ስለማይታይ ነው። መጀመሪያ ሥጋው እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፣ ተለቅ ካለ ያድራል። ከዚያ ውሃው ይወጣለትና ሰም ውስጥ ይደርቃል፤ ከሚሊሜትር 1000ኛ እጅ 4 ወይም 5 ያህል ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ቀለም ይገባል፤ በመጨረሻ የፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። በመርፌ የተቀዳ ናሙና መስታወት ላይ ተቀብቶ ስለሚታይ ቶሎ ይደርሳል።

ናሙናው ያለበትን ብልቃጥ ራሳችሁ አድርሱ ከተባላችሁ ስማችሁ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ መጻፉን አደራ እዩ፤ ክዳን ይቀያየራል። ፈሳሹ ሥጋውን ይሸፍን። ቢፈስ በውሃ አትተኩት፣ ናሙናው ይበላሻል፤ ወደ ሰጣችሁ ሐኪም መልሱት።

ከዘጌ በጀልባ የምትመጡ ደግሞ የስፌቱና የውጤቱ ቀጠሮ በአንድ ቀን ይሆንላችሁ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።