የአማተር ብስክሌት ውድድር በድሬዳዋና በሐረር

በድሬዳዋና በአካባቢዋ የሚካሄደው የአማተር ብስክሌት ውድድር በሁለት ዘርፍ ይከፈላል። አንደኛው በአስፋልት ላይ በኮርስ ብስክሌት የሚደረገው የጎዳና ውድድር ሲሆን፣ ሁለተኛው በኮረኮንች፣ በደረቅ ወንዞችና በተራራ ግርጌ የእግር መንገዶች ላይ በማውንቴን ብስክሌት የሚደረገው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ቆላማ ከተማ ናት። በስተሰሜን ወደ ሽንሌ የሚዘረጋው ምድር ሜዳ ሲሆን፣ በስተደቡብ ግን የሐረርጌ ደጋ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሐረርም ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአንድ ከተማ ዙሪያ እንዲህ ያለ ሜዳና እንዲህ ያለ ዳገት ጎን ለጎን መገኘቱ የድሬዳዋን ብስክሌተኛ በሁለቱም ዓይነት ግልቢያ አሠልጥኖታል፤ የአካባቢው ውድድር መልክም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ የመልክዓ ምድር ባሕርይ ነው።

አመጣጥ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከተማዋ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የአገሪቱ ዋና የዕቃ መግቢያ ሆና ቆይታለች። በዚያ ዘመን ከዚራ የተባለው ሰፈር ቀጥ ባሉና እርስ በርስ በሚቋረጡ ጎዳናዎች፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተሠራ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶም መጋላ የተባለችው ሰፈር በራሷ መንገድ አደገች።

ብስክሌት ወደ ድሬዳዋ በማን እጅ እንደገባ ሁለት አተራረኮች አሉ። አንደኛው ከባቡር ኩባንያው ጋር የመጡትን ፈረንሳውያን፣ እንዲሁም በንግድና በእጅ ሥራ የተሰማሩትን ግሪኮችና አርመኖች ያስቀድማል። ሁለተኛው ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በወረራ ይዞ የቆየው የጣሊያን ጦርና አብረውት የመጡት ሠራተኞች እንዳስገቡት ይተርካል። የመጀመሪያው አተራረክ ሚዛን ይደፋል፤ ጣሊያን ከመግባቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተማዋ ጉምሩክ፣ የውጭ አገር ዜጎች ሰፈርና የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ነበራትና። ጣሊያኖች ያመጡት ሌላ ነገር እንደሆነ መገመት ይቀላል፤ ይኸውም ብስክሌትን እንደ ውድድር ስፖርት የማየት ልማድ ነው። ዛሬም ጎሚስታው የሚናገራቸው ካላማዳሪ፣ ቸርኬና ፍሬን የተባሉት ስሞች ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

ሜዳማ ምድር፣ ቀጥ ያለ ጎዳናና ብረት መበየድና መቅረጽ የለመደ የባቡር ሠራተኛ በአንድ ከተማ ሲገናኙ ብስክሌት መስፋፋቱ የሚጠበቅ ነው። የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከተከፈቱ በኋላ ሠራተኛው ወደ ፈረቃው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ በብስክሌት መሄዱ የከተማዋ መለያ ሆነ። የድሬዳዋ ሰው ከተማውን የብስክሌት ከተማ ብሎ ሲጠራ የሚጠቅሰውም ይህንኑ ነው፤ አጠራሩም የሚገባት ነው። ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ባጃጅ የዕለት መጓጓዣውን ድርሻ ቢወስድም፣ ብስክሌት በሰዓት ተከራይቶ መንዳት የሚማር ልጅ አሁንም አለ፤ ለውድድር የሚበቃውም ወጣት በብዛት ከእነዚህ መካከል የሚወጣ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ጨዋታ ከአትሌቲክስ ጎን ያሰለፈችው ስፖርት ብስክሌት ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን የስፖርቱ ዋና ምሽግ አሥመራ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረው የኤርትራ ዙሪያ ውድድርም ለዚህ ምስክር ነው። በደርግ ዘመን ስፖርቱ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ማኅበራት ሥር ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የውድድሩ ማዕከል ወደ ትግራይ ያደላ ሲሆን፣ የዚያው ፍሬ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይን ዙሪያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው አስፋልት ከከተማዋ በስተደቡብ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ መውጣት ይጀምራል፤ ደንገጎ እስኪደርስም ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ደንገጎ ከአዲስ አበባ በቁልቢ በኩል የሚመጣው መንገድ ከድሬዳዋና ከሐረር መንገዶች ጋር የሚገናኝበት መገንጠያ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል አድርጎ፣ እየወጣና እየወረደ ሐረር ይገባል። የሐረማያ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከድሬዳዋ የተነሣ ብስክሌተኛ በአንድ ጉዞ ቢያንስ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል።

የዚህን ዳገት ክብደት በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ተወዳዳሪውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 75 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 800 ሜትር ለመውጣት ብቻ 590 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህን በአንድ ሰዓት ለመፈጸም የጎማና የአየር ግጭት ሳይታሰብ 160 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ማመንጨት ይጠይቃል። ስለዚህ በዳገት ላይ ክብደት ትልቅ ነገር ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 8 ኪሎ በሚመዝን ኮርስ በአንድ ሰዓት የሚወጣውን ዳገት፣ በዚያው ጉልበት 15 ኪሎ በሚመዝን ተራ የብረት ብስክሌት ቢወጣው ስድስት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በውድድር ላይ ስድስት ደቂቃ የአንደኛና የመጨረሻ ቡድን ልዩነት በመሆኑ፣ በድሬዳዋ ብዙ ጥሩ እግር ያላቸው ልጆች በብስክሌታቸው ብቻ ወደኋላ መቅረታቸው የሚያስቆጭ ነው።

ዳገቱ የውድድሩን ስልትም ይለውጠዋል። ወደ ሽንሌ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ተወዳዳሪ አየሩን ሌላው ስለሚቀድምለት ጉልበቱን በብዙ ይቆጥባል፤ በመሆኑም ቡድኑ ተያይዞ ይሄድና ፉክክሩ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይለያል። በደንገጎ ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ የአየሩም ግጭት ስለሚቀንስ ከሰው ጀርባ መደበቅ ብዙ አይጠቅምም። መጀመሪያ ላይ በስሜት የተነሣ ጠመዝማዛው ሳያልቅ ይደክማል፤ ቀላል ማርሽ አስገብቶ እግሩን በእኩል ምት የሚያዞር ግን አንድ በአንድ እየለቀመ ያልፋል። ደንገጎ የአገሪቱ ከባዱ የውድድር ዳገት ነው የሚሉ አሉ፤ የትግራይና የሰሜን ሸዋ ብስክሌተኞች በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ። ከቆላ ሙቀት ተነሥቶ ወደ ደጋ ብርድ የሚያደርስ መሆኑ ግን ከሌሎቹ የሚለየው ባሕርይ ነው፤ የድሬዳዋ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የሐረማያ ከዚያ በብዙ ዝቅ ይላል፤ ታች ላብ ያጠመቀው ማሊያ ላይ ሲደርስ ያንዘፈዝፋል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫት ትኩስነቱ ሳይጠፋ መድረስ ስላለበት ከአወዳይ የሚነሡ የጫት መኪናዎች ወደ ድሬዳዋ በከፍተኛ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ ወደ ጅቡቲ መስመር የሚሄዱ ከባድ መኪናዎችም በዚሁ መንገድ ይተላለፋሉ። በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ከቆየ ቸርኬው እየጋለ ካላማዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ስለሆነም ልምድ ያለው ጋላቢ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቆ ይይዝና በመታጠፊያው ውስጥ ይለቃል፤ ያለማቋረጥ እያሻሸ አይወርድም። የራስ ቁር ማድረግ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ ከእ.ኤ.አ. 2003 ወዲህ በጎዳና ውድድር ግዴታ ሲሆን፣ በደንገጎ ላይ ለልምምድም ሳይቀር መቅረት የሌለበት ነገር ነው።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲከበር መንገዱ በእግረኛና በተሽከርካሪ ስለሚሞላ በእነዚያ ቀናት አካባቢ ልምምድ አይደረግበትም። በረመዳን ወርም ጾመኛ የሆኑት ወጣቶች ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከሱሁር አስቀድሞ ቀለል ያለ ልምምድ ያደርጋሉ፤ ቡድኖቹ የሃይማኖት ስብጥራቸው ሰፊ በመሆኑ መርሐ ግብሩ ሁሉንም እንዲያስተናግድ ይደረጋል።

የውድድር ዓይነቶችና የውድድሩ ሂደት

በከተማ ውስጥ የሚመረጠው የጎዳና ውድድር በአንድ ዙሪያ ላይ ተመላልሶ የሚካሄደው ነው። የከዚራ ጎዳናዎች ቀጥ ያሉና ጥላማ በመሆናቸው ለዚህ ከአገሪቱ ከተሞች የሚመረጡ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተመልካቹ በአንድ ቦታ ቆሞ ተወዳዳሪዎቹን ደጋግሞ ያያቸዋል፤ በየማዕዘኑ ያለው ቀጥ ያለ መታጠፊያም ቡድኑን እየበጠሰ ፍጥነቱን ያለዋውጠዋል። ከመታጠፊያው ሲወጣ ከኮርቻው ላይ ተነሥቶ ፔዳሉን የሚገፋ ሰው ያንኑ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚደጋግመው፣ ሜዳ ነው ተብሎ የተናቀው ውድድር እግር ይጨርሳል። በተናጠል በሰዓት የሚደረገው ክሮኖሜትር ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ ተራ በተራ የሚነሡበት ስለሆነ ሰፊ ዝግጅት አይጠይቅም፤ አማተሮች አቅማቸውን ለመለካት የሚወዱት እሱን ነው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ውድድር የሚጀመረው ማለዳ ነው። ተሳታፊው ከንጋቱ 12 ሰዓት አስቀድሞ ደርሶ ይመዘገባል፣ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ይሰካል፣ ፍሬኑንና ጎማውን ለዳኛ ያሳያል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ 17 እና 18 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች፣ ከ19 እስከ 22 ያሉት ከ23 ዓመት በታች፣ ከዚያ በላይ ያሉት አዋቂዎች ሲሆኑ፣ ከ30 ዓመት ጀምሮ አንጋፋዎች በሚል ለብቻ መወዳደር ይቻላል። በአማተር ውድድር ተሳታፊው ጥቂት ከሆነ ምድቦቹ አብረው ይነሡና ውጤቱ ብቻ ተለይቶ ይያዛል። ምግቡ በአብዛኛው በውኃ የተበጠበጠ በሶ፣ ሙዝና ተምር ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ውኃ ነው፤ በዚህ ሙቀት ጥማት እስኪመጣ ጠብቆ የሚጠጣ ዘግይቷል።

የማውንቴን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ስፖርት ከሆነ በኋላ በብዙ አገሮች ደንቡ ተመሳሳይ ሆኗል። ዙሩ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዋቂዎች አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወዳደሩበታል። ከመሪው ብዙ የዘገየ ተወዳዳሪ በመሪው በአንድ ዙር ከመቀደሙ በፊት በዳኞች ከውድድሩ ይወጣል። በድሬዳዋ ለዚህ የሚሆነው ምድር ከከተማዋ ደቡብ ያለው የተራራ ግርጌና የደረቁ ወንዞች ዳርቻ ነው። በአሸዋ ላይ የፊት ጎማ እንዳይቀበር ክብደትን ወደኋላ መጣል፣ የብስክሌቱን መሪ ሳያጠብቁ መያዝና ከመግባት በፊት ማርሽ ማቅለል ያስፈልጋል። ከዝናብ ወራት ጋር ግን ቀልድ የለም። ከተማዋ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የሞላው ደቻቱ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉ የማይረሳ ነው። በክረምት በወንዝ ውስጥ የሚያልፍ የውድድር መስመር መያዝ የለበትም።

ጥገናና ዕቃ

የድሬዳዋ ማውንቴን ጋላቢ ዋና ጠላቱ የግራር እሾህ ነው። ጎሚስታው ካላማዳሪውን አውጥቶ ይነፋውና በሳፋ ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ካገኘውም በኋላ አድርቆ በሞረድ ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ትንሽ እንዲደርቅ ይጠብቃል፣ ቁራጭ ጎማ ለጥፎም ይጫነዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ጣቱን በጎማው ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን በቀስታ ያስኬድና ተሰብሮ የቀረውን የእሾህ ጫፍ ይነቅላል። ይህ ካልተደረገ አዲሱም ካላማዳሪ ከአንድ ዙር አያልፍም።

የኮርስ ብስክሌት ዕቃ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ውድ ነው። ብዙ አማተሮች ያገለገለ ብስክሌት ይገዛሉ፣ ከሁለትና ከሦስት አሮጌዎችም አንድ ያወጣሉ። የከተማዋ ባለሙያዎች የተሰበረ የብስክሌት አካል በመበየድና የተጣመመ ቸርኬ በማቃናት ያላቸው ችሎታ የሚደነቅ ነው፤ ይህ እጅ ባይኖር የአካባቢው ውድድር ባልቀጠለም ነበር።

ሐረር

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት መንገዶች ጠባብና ሰው የሚበዛባቸው በመሆናቸው ለውድድር አይሆኑም፤ ብስክሌተኞች የሚለማመዱት ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማና ወደ ሐረማያና ወደ ባቢሌ በሚወስዱት መንገዶች ነው። የባቢሌው መንገድ ወደ ኤረር ሸለቆ ወርዶ እንደገና ስለሚወጣ ደርሶ መልሱ ጥሩ ፈተና ነው። በሐኪም ጋራ ዙሪያ በጫትና በማሽላ ማሳዎች መካከል ያሉት የእግር መንገዶችም ለማውንቴን ከድሬዳዋ አሸዋ የተሻለ መያዣ ያላቸው ናቸው። የሐረር ልጆች ከፍታ ለምደው ስለሚያድጉ በደንገጎ ላይ ጠንካራ ናቸው፤ ውድድሩ ወደ ሽንሌ ሜዳ ሲወርድ ግን ሙቀቱን የለመደው የድሬዳዋ ልጅ ይቀድማል።