«ከቢምቢ አዲስ ቫይረስ ተገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ «ትኩሳት ያዘኝ» ላለ ሰው የመጀመሪያው ምላሽ «ወባ ተመረመርክ?» ነው። ሐይቁ ደጃፋችን ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅር የሚለኝ ወባ የለብህም ሲባል ነገሩ እዚያው ማብቃቱ ነው። ብዙ ጊዜ «እንግዲያው ታይፎይድ ይሆናል» ይባልና ይታለፋል። ወባን የምታስተላልፈው አኖፊለስ የምትባለዋ ቢምቢ ስትሆን፣ ተውሳኩም ቫይረስ አይደለም። ኤደስና ኩሌክስ የሚባሉት ዘመዶቿ ግን ቫይረስ ይሸከማሉ፦ ቢጫ ወባ፣ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ዚካ፣ ዌስት ናይል። በጥቅሉ አርቦቫይረስ ይባላሉ። ደንጊም ቺኩንጉንያም ድሬዳዋ ውስጥ በወረርሽኝ መልክ ተነሥተዋል።

አንድ ቫይረስ በዚህ መንገድ ለመተላለፍ ቢምቢዋ ሆድ ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃውም። እዚያ መባዛት፣ የአንጀቷን ግድግዳ ማለፍና ምራቋ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ኤችአይቪ በቢምቢ የማይተላለፈው ለዚህ ነው፤ ከደሙ ጋር አብሮ ይፈጫል።

ታዲያ አዲስ ቫይረስ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ደን ገብተው ምን ይሠራሉ? አመሻሽ ላይ ትንሽ መብራትና ማራገቢያ ያለው ወጥመድ ይሰቅላሉ። አጠገቡ ደረቅ በረዶ ያስቀምጣሉ፤ ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የእንስሳ ትንፋሽ ይመስላትና ደም ፈላጊዋ ሴት ቢምቢ ትመጣለች። የተያዘው ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ የቫይረሱ ዘረመል ይበላሻል። ቀጥሎ የሚመጣው ዓይን የሚያደክመው ሥራ ነው፦ እያንዳንዷን በማይክሮስኮፕ አይቶ በዝርያ መለየት። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ማሽን በገንዘብ ይገዛል፣ የቢምቢን ክንፍና እግር አይቶ ዝርያዋን የሚናገር ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም።

የተለዩት በቡድን በቡድን ይፈጫሉ። ፈሳሹ ተጣርቶ ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ የቢምቢ ሕዋሳት ላይ ይፈስሳል፤ ሕዋሳቱ መታመም ወይም መሞት ከጀመሩ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ዘረመሉን በቀጥታ አንብቦ ከታወቁት ቫይረሶች ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። ይኼኛው ፈጣን ቢሆንም ያሳስታል፦ ቢምቢዋ በራሷ ዘረመል ውስጥ የጥንት ቫይረሶች ቁርጥራጭ ስላላት፣ የተነበበው ሁሉ ሕያው ቫይረስ አይደለም።

እንዲህ ከሚገኙት አብዛኞቹ ሰውን አይነኩም። ነፍሳት ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሙቀቱ ወደ ሰው ገላ ሙቀት ሲጠጋ መባዛት ያቆማሉ። ስለዚህ «አዲስ ገዳይ ቫይረስ» የሚል ርዕስ ስታዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቫይረሱ እንደ ሰው የጀርባ አጥንት ባለው እንስሳ ሕዋስ ውስጥ ተባዝቷል ወይ የሚለው ነው።

የማይጎዳውም ቢሆን የሚነግረን አለው። በኮትዲቯር ታይ ደን አካባቢ ከተያዙ ቢምቢዎች ካቫሊ የሚባል ቫይረስ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆነ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የኮሮና ቫይረሶች የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሰውን እንደሚያሳምም ግን አይታወቅም። ተመራማሪዎቹ ያልተነካውን ደን፣ የተመነጠረውን መሬትና መንደሩን ሲያወዳድሩ፣ ቫይረሱ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ጥቂት ሆኖ ወደ ሰው በተጠጉ ቁጥር እየበዛ ሄደ። ደን ሲመነጠር ብዙ ዝርያ ይጠፋል፤ ከሰው ጋር መኖር የሚስማማቸው ጥቂቶች ግን ይራባሉ፣ የያዙት ቫይረስም አብሮ ይበዛል።

የዚካ ታሪክ ደግሞ ግኝት ከወረርሽኝ ስንት ዓመት ሊቀድም እንደሚችል ያሳያል። በ1947 ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ አጠገብ ባለው የዚካ ደን፣ ቢጫ ወባን ለመከታተል ዛፍ ላይ በጎጆ ከተቀመጡ ጦጣዎች አንዷን ትኩሳት ያዛት፤ ከደሟ ያልታወቀ ቫይረስ ወጣ። በዓመቱ እዚያው ደን ከኤደስ ቢምቢ ተገኘ። በኋላም ቢምቢዎቹ በየትኛው ከፍታ እንደሚበሩ ለማወቅ እዚያ ደን ውስጥ 36 ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ማማ ቆመ። ለአሥርት ዓመታት ዚካን ቁም ነገሬ ያለው ጥቂት ሰው ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ በ2007 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው በያፕ ደሴት ተነሣ፤ በ2015 ብራዚል ውስጥ ጭንቅላታቸው ከመጠን በታች የሆነ ሕፃናት መወለድ ሲጀምሩ ዓለም ደነገጠ።

ይህን ሁሉ የሩቅ ደን ጉዳይ አድርጎ ማየት ለእኛ አያዋጣም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ቢጫ ወባ ወደ 100,000 ሰው አሳምሞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ደን ውስጥ ቫይረሱ በጦጣና በመሰሎቹ መካከል ይዞራል፤ መንደር ውስጥ ያዛመተችው ግን ኤደስ ሲምፕሶኒ የተባለችው ናት። እሷ ረግረግ አትፈልግም። የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ስርጉድ የሚጠራቀም ጥቂት ውሃ ለእጮቿ ይበቃል፤ ያ ማለት ጓሮ ነው። በ2018 ወላይታ ዞን፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ቢጫ ወባ ሲነሣ ሁለቱም የእንሰት አገር ነበሩ፤ ሲዳማም እንደዚያው ነው።

እንሰቱን ንቀሉ የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። ለቢጫ ወባ አንድ ጊዜ ተወስዶ ዕድሜ ልክ የሚከላከል ክትባት አለ። አጎበር ግን እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ኤደስ የምትነክሰው ቀን፣ ሰው ጓሮው ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ ነው።