ልጆችን ቤት ማስተማር፤ የሀዋሳው መልክ

ልጅን ቤት ማስተማር ማለት ወላጅ የትምህርት ቤቱን ሥራ ራሱ ይዞ ፊደሉንም ሒሳቡንም እዚያው ሳሎን ውስጥ መጨረስ ነው። ከተሜው «ሆምስኩል» ይለዋል። ማታ ማታ አስጠኚ ቀጥሮ የቤት ሥራ ማሠራት ከዚህ አይቆጠርም። እሱ የትምህርት ቤቱ ተቀጥላ ነው።

ሀዋሳ ላይ ልጁን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ቤት ያስተማረ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በብዛት የሚያጋጥመው ቁርጥራጩ ነው። አንዱ ቤት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ከብዶ ልጁ እስኪደርስ ቤት ይቆያል። ሌላው ቤት ሕመም ወይም የሥራ ዝውውር ዓመቱን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ሰፈር አስተማሪ ይሆናል። ልጆቹ እኩያ ስላልሆኑ ነገሩ ሁሌም አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፦ የዘጠኝ ዓመቷን፣ የስድስት ዓመቱንና የሁለት ዓመቷን በአንድ ጠረጴዛ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ጥያቄው ለኛ አገር አዲስ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት «ክፍል» የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ዛፍ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። የኔታ ሁሉንም በጆሮ ይከታተላሉ። ዳዊት የደረሰው ለፊደል ቆጣሪው እንጨት ይዞ ያሳየዋል። ቁርአን ቤትም ቢሆን ትልቁ ታናሹን ማስቀራቱ የተለመደ ነው። በኋላ መንግሥትም ነገሩን በሌላ መንገድ ወስዶታል። የ2002ቱ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ካለው ክፍል) ጎን «ልጅ ለልጅ» የሚባል መንገድ አስቀምጧል። ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ትንንሾች በጨዋታ ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጁበት ነው።

ከቄስ ትምህርት ቤት ለዛሬ እናት በጣም የሚጠቅማት አቡጊዳ ይመስለኛል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን እንደ ዘፈን ይሸመድዳል። ወላጅ «ልጄ ፊደል ጨረሰ» ብሎ ለጎረቤት ያወራል። ከዚያ መሃል ላይ «ጊ»ን ብቻ ነጥሎ ሲጠይቀው ልጁ ከ«ገ» ካልጀመረ አይመጣለትም። «አ ቡ ጊ ዳ» ቅደም ተከተሉን ስለሚበትነው ዘፈኑ አይረዳም፣ ዓይን መሥራት አለበት። ይህን ያላስታወሰ ደግሞ ወረቀት ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በገበታው ላይ ያንሸራትት። በቀዳዳው የምትታየው አንድ ፊደል ብቻ ናት።

ሀዋሳ ላይ የፊደል ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ልጁ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ ሲዳሙ አፎን (የሲዳማን ቋንቋ) እና እንግሊዝኛን በላቲን ፊደል ያገኛቸዋል። ላቲኑ አንድ ይምሰል እንጂ ድምፁ አንድ አይደለም። ኤክስ የምትባለው ፊደል በእንግሊዝኛ «ክስ» ስትል በሲዳሙ አፎ «ጥ» ናት። ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጫን ግፍ ነው። አንዱ እስኪረጋ ሌላው በጆሮ ብቻ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም። ሰፈር ውስጥ ብይ ሲጫወት «ላሜ፣ ሳሴ» (ሁለት፣ ሦስት) እያለ መቁጠሩን ማን አስተማረው?

በዕድሜ የተራራቁ ልጆችን ለየብቻ ማስተማር የጀመረ ወላጅ በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል። ሦስት ልጅ በአራት የትምህርት ዓይነት ሲባዛ አሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። የሚያዋጣው አንድ ነገር ለሁሉም አቅርቦ እንደየዕድሜያቸው ማካፈል ነው። ለዚህ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ አሞራ ገደልን የሚያህል ክፍል የለም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዓሣው መሬት ላይ ይዘረገፋል። የዘጠኝ ዓመቷ የአንዱን ዋጋ ጠይቃ የአምስቱን ታሰላለች፤ ሻጩ የነገራት ድምር ትክክል መሆኑንም ታጣራለች። የስድስት ዓመቱ ቆሮሶውን ከአምባዛው ይለያል። አምባዛ ፂም አለው፤ ቆሮሶ ቅርፊት እንጂ ፂም የለውም። የሁለት ዓመቷ አባ ኮዳን አፍጥጣ ታያለች፤ ወፉ ከሷ ይረዝማል። ቤት ሲገቡ ስድስት ዓመቱ «ዓሣ» ብሎ ሊጽፍ ተቀምጦ በ«ዓ» ይሁን በ«አ» ከእህቱ ጋር ይጣላል። ትንሿ እርሳሱን ትበላለች። የዕለቱ ሳይንስ፣ ሒሳብና ቋንቋ በዚህ አለቀ።

እርሳሷ ቀልድ አይደለችም። ሆምስኩልን የሚያፈርሰው ከባድ ሒሳብ ሳይሆን ድክ ድክ የሚለው ልጅ ነው። ፕሮግራሙን ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ወላጅ ቢሆንም ሰዓቱን የሚወስነው ትንሹ ነው። ልምድ ያላቸው እናቶች ጥሞና የሚፈልገውን ነገር፣ ንባብና አዲስ ሒሳብን፣ ትንሿ ከምሳ በፊት ለምትተኛባት አንድ ሰዓት ያስቀምጡታል። ነቅታ ባለችበት ሰዓት ቆርኪ መቁጠር፣ መዝሙር፣ እንቆቅልሽ፣ ገበጣ ይሆናል። ለሷም የራሷ ሥራ ይሰጣታል። አንድ ሳህን ባቄላና ሁለት ኩባያ ለሃያ ደቂቃ ይበቃል። (አፍንጫ ውስጥ የምትከት ከሆነ ግን ባቄላው ይቅር።)

በኩሯም እንዳትረሳ። ታናሿን ማስነበብ ለራሷም ጥሩ ክለሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ስታስጠና ከዋለች ግን ተማሪ መሆኗ ቀርቶ ሞግዚት ሆነች ማለት ነው። ከማንም ጋር የማትካፈለው የራሷ ሰዓት ያስፈልጋታል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን አገሩ በሙሉ በግድ ሆምስኩል ገባ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። የግል ትምህርት ቤቶችም ወርክሺት በቴሌግራም ላኩ። አንድ ስልክ ለሦስት ልጅ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለማንም። ብዙ ወላጅ ልጁ ማንበብ እንደማይችል ያወቀው ያኔ ነው።

በሌላ አገር ሕጉ የተለያየ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች የተፈቀደ ሲሆን ጀርመን ትከለክላለች። በኛ አገር ወላጅን የሚያስጨንቀው ወረቀቱ ነው። በ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ 2 ዓመት ሲሆን ከዚያ አንደኛ ደረጃ 6፣ መካከለኛ 2 እና ሁለተኛ ደረጃ 4 ዓመት ይከተላል። አንደኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው። ስለዚህ እስከ ሰባት ድረስ ቤት የቆየ ልጅ ብዙ አይጠየቅም። ከፍ ሲል ግን የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፤ ተማሪ የሚመዘገበውም በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። ያለ ሪፖርት ካርድና መሸኛ መስከረም ላይ በር ማንኳኳት ብዙ ደጅ ያስጠናል። በየወሩ የልጁን ደብተርና የሠራቸውን ፈተናዎች ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ያኔ ይጠቅማል። አንዳንድ ትምህርት ቤት መመዘኛ ፈትኖ ይቀበላል።

የሰፈሩ ጥያቄም አለ። «ልጆቹ ምን አጥፍተው ነው የተባረሩት?» ይላሉ። አያቶች ልጁ ዓይን አፋር እንዳይሆን ይሰጋሉ። እሱ የሚመለሰው በመጽሐፍ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ በሰፈር ኳስ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመድረሳ ነው።

የማውቀው ልጅ ሁለት ዓመት ቤት ተምሮ ሦስተኛ ክፍል ገባ። ንባቡ ከክፍሉ ቀዳሚ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህሯ እያስረዳች ሳለ ከመቀመጫው ተነሣና ማንንም ሳያስፈቅድ ወጣ። ምን ሆነህ ነው ቢሉት ውሃ ጠምቶኝ ነው አለ።