ማግኔታዊ ናኖቅንጣት ምንድን ነው? የካንሰርን መድኃኒት በማግኔት መሳብ

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰርን ሴል የሚገድል መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ፀጉሩ የሚረግፈው መድኃኒቱ መላ ሰውነቱን ስለሚያዳርስ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ካገኘ፣ የካንሰር ይሁን የፀጉር ሥር አይለይም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ደግሞ ልብን ይጎዳል። ሐኪሙ መጠኑን ልጨምር ቢል እንኳ ልብ አይችለውም። በጣም የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱን ዕጢው ጋ ብቻ ማቆየት ቢቻልስ? ማግኔታዊ ናኖቅንጣት፣ ማለትም በማግኔት የሚሳብ እጅግ የደቀቀ ቅንጣት፣ የታሰበው ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከብረት ኦክሳይድ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል ወደ 7,000 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይሰፋል፤ የቅንጣቱ የብረት እምብርት ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር ቢሆን ነው።

ማነሱ በከንቱ አይደለም። ይህን ያህል የደቀቀ ብረት ማግኔት ሲቀርበው ይሳባል፣ ማግኔቱ ሲነሣ ግን መሳቡን ይተዋል። ባይተው ኖሮ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የደም ሥር ይደፍኑ ነበር። ላዩ እንደ ዴክስትራን (ከስኳር የተሠራ ነገር ነው) ባለ ነገር ይሸፈንና መድኃኒቱ ይጫንበታል። ከዚያ በደም ሥር ይሰጣል፤ ዕጢው ባለበት በኩልም ከቆዳ ውጭ ኃይለኛ ማግኔት ይደረጋል። እዚያ የደረሱት ቅንጣቶች ይያዛሉ፣ መድኃኒቱንም እዚያው ይለቃሉ።

ማግኔቱ ራሱ ግን ካንሰርን ፈልጎ አያገኝም። ዕጢው የት እንዳለ አውቆ ማግኔቱን የሚያስቀምጠው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ በየቦታው ለተሠራጨ ካንሰር ብዙም አይረዳም።

የመጀመሪያው የሰው ሙከራ ውጤት በ1996 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወጣ። በበርሊን 14 ሕመምተኞች ከቅንጣቶች ጋር የተያያዘ ኤፒሩቢሲን የተባለ የኬሞ መድኃኒት ተሰጣቸው። በግማሽ ያህሉ ቅንጣቶቹ ዕጢው ጋ ደረሱ። ቀላል የማይባል መጠን ግን ጉበት ውስጥ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማግኔት ጉልበት ከቆዳ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል። በትልልቅ ደም ሥሮች ውስጥ ደሙ እየጋለበ ይወስዳቸዋል። ጉበትና ጣፊያ ደግሞ ባዕድ ነገርን ለቅሞ ማስቀረት ሥራቸው ነው። ለቆዳ የቀረበ ዕጢ ይሻላል፤ ጥልቅ ያለው ግን አስቸጋሪ ነው። በማግኔት የሚሳብ ኬሞ እስካሁን መደበኛ ሕክምና ያልሆነውም ለዚህ ነው።

እነዚሁ ቅንጣቶች በሌላ መንገድ ግን ሕክምና ላይ ውለዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ናኖተርም የተባለው ዘዴ ለአንጎል ዕጢ ተፈቀደ። እዚያ ቅንጣቶቹ በደም አይዞሩም፤ በመርፌ ቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየር የማግኔት መስክ ይሞቃሉ፣ ሙቀቱም የካንሰሩን ሴሎች ይጎዳል ወይም በጨረር ሕክምና በቀላሉ እንዲጎዱ ያደርጋቸዋል።