የብጉር ኪኒን፦ የትኛው፣ ለማን፣ ለስንት ጊዜ

ብጉር ሲበዛብን መጀመሪያ የምንሰማው ምክር «ስታገቢ ይለቅሻል» ወይም «የጉርምስና ነው፣ ይተውሃል» የሚል ነው። አንዳንዱን እውነትም ይተወዋል። አንዳንዱን ግን ሠላሳ ዓመት ካለፈውም በኋላ አይተወውም፤ ፊቱ ላይ፣ ጀርባውና ደረቱ ላይ እየበሰለ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። በኪኒን የሚታከመው በዋናነት ይህ ሁለተኛው ነው። ቅባት ብቻውን ያልቻለው፣ ቆዳ ውስጥ ጠልቆ የሚያብጥ፣ ሲነኩት የሚያም።

ኪኒኖቹ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ ናቸው። እኔ እንዳየሁት ደግሞ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው መድኃኒቱ ስለማይሠራ ሳይሆን ጊዜውን ስለማያውቅ ነው። ወይ መሥራት ሳይጀምር ያቋርጠዋል፣ ወይ ማቆም ካለበት አልፎ ይውጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሳነሳ «ለስንት ጊዜ» የሚለውን አብሬ አነሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ብጉር እንዴት ይመጣል? ከፀጉር ቀዳዳ ጋር የተያያዙ ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉን። አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ዕጢዎቹ ወዝ ያበዛሉ። የሞተ ቆዳ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እዚያ ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክኒስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፣ ሰውነት ይቆጣል፣ ቦታው ያብጣል፣ መግል ይይዛል። አንቲባዮቲክ የሚይዘው ባክቴሪያውንና ቁጣውን ነው። የሆርሞን ኪኒኖች ወዙ የሚበዛበትን ምክንያት ይይዛሉ። አይሶትሬቲኖይን የሚባለው ደግሞ ሁሉንም ጋ ይደርሳል፣ ለዚያም ነው ብዙ ጥንቃቄ ያለበት።

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ «ዶክሲ» የምንለው። የተለመደው መጠን በቀን 100 ሚሊግራም አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ለውጡ በደንብ የሚታየው ግን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም ያልተጀመረ ሥራ መተው ነው። በሌላ በኩል ከሦስት ወይም ከአራት ወር በላይ እንዳይቀጥል ይመከራል፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይላመዳል፣ ሌሎቹም ሰውነታችን ውስጥ ያሉት አብረው ይላመዳሉ። ለዚህ ነው አንቲባዮቲክ ብቻውን የማይታዘዘው፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ቅባት አብሮት ይሰጣል፣ ባክቴሪያው ይህን ሊላመደው ስለማይችል። ከጓደኛ የተረፈች አንድ እሽግ ዶክሲ ወስዶ ለአሥር ቀን መዋጥ ግን ለብጉሩም አይበቃም፣ ባክቴሪያውንም ያለማምዳል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ ስወስድ አንድ ማታ እንቅልፍ እያዳፋኝ አንዷን በምራቄ ውጬ ተኛሁ። ሌሊት ደረቴ መሀል ላይ ፍም የተቀመጠ ያህል ተሰምቶኝ ነቃሁ። ለሦስት ቀን እያንዳንዷ ጉርሻ ስትወርድ መንገዷ ይታወቀኝ ነበር። ኪኒኗ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቃ ስትቀር ታቆስላለች። ስለዚህ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓትም አይተኛም። ከወተት፣ ከአይረን ኪኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሱታል። ቆዳን ደግሞ ለፀሐይ ስሱ ያደርጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ፣ እኩለ ቀን ላይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባርኔጣ ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለብጉር አይታዘዝም፣ በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ያበላሻል።

ሴቶችን በተመለከተ የሆርሞን መንገድ አለ። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተጣመሩበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ብጉርን ይቀንሳል፣ በተለይ ከወር አበባ በፊት አገጭና መንጋጋ ላይ የሚያብጠውን። ሦስት ወር ካልሞላው ሠራ አልሠራም አይባልም። እዚህ ላይ ብዙ እህቶቻችን የማይነገራቸው ነገር አለ። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚወሰዱት የሦስት ወር መርፌውና ክንድ ላይ የሚቀበረው ናቸው፤ እነዚህ ኤስትሮጅን የላቸውም፣ አንዳንድ ሴት ላይም ብጉሩን ሊያብሱት ይችላሉ። መርፌውን ከጀመርሽ ወዲህ ፊትሽ ከተበላሸ ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት፣ አማራጭ አለ። የተጣመረው ኪኒን ደም የመርጋት ችግር ለነበረባት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ላለ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ፣ ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ላለባት አይሆንም።

ሌላው ስፓይሮኖላክቶን ነው። በመጀመሪያ የደም ግፊትና ውሃ መቋጠርን ለማከም የመጣ መድኃኒት ነው፤ አንድሮጅን ዕጢው ላይ እንዳይሠራ ስለሚያግድ ሐኪሞች ለአዋቂ ሴቶች ብጉር ያዙታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝና በዌልስ 410 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ ወጣ። መድኃኒቱ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን ይበልጥ ነበር፣ ግን በ12ኛው ሳምንት ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ በ24ኛው ሳምንት ሰፋ። ትዕግሥት ሲባል እንግዲህ ስድስት ወር ማለት ነው። ሽንት ያበዛል፣ የወር አበባን ያዛባል፣ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ለወንዶችም ለብጉር አይሰጥም፣ ጡት ያሳድጋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አይሶትሬቲኖይን የቫይታሚን ኤ ዘር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው አኩቴን ወይም ሮአኩቴን በሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጋሪ ፔክ የሚባሉ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ምንም ያልበገረው ከባድ ብጉር በዚህ መድኃኒት እንደጠፋና መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ብዙ ጊዜ እንዳልተመለሰ አሳዩ። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የወዝ ዕጢውን ራሱን ያሳንሰዋል፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ያደርጋል፣ ባክቴሪያውም የሚኖርበት ያጣል።

መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ በኪሎ በቀን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም። በጠቅላላው ደግሞ በኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም እስኪሞላ ይቀጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢያንስ 7,200 ሚሊግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በቀን 40 ቢወስድ 180 ቀን፣ ልክ ስድስት ወር። በሁለተኛው ወር «ፊቴ ጠራ» ብሎ ያቆመ ሰው ላይ ብጉሩ የመመለስ ዕድሉ የሚጨምረው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ወር ደግሞ ተቃራኒው ሊመጣ ይችላል፣ ብጉሩ ይብሳል። ያን ጊዜ ሰው ይደነግጣል፤ ለሐኪሙ ነግሮ መቀጠል እንጂ እንክብሉን መጣል አይደለም።

ስብ ካለበት ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም የሚገባው በጣም ያንሳል። የሚጾም ሰው በባዶ ሆዱ ጠዋት ከሚውጠው፣ ከሰዓት በኋላ ሲፈታ ዘይት ካለው ሽሮ ወይም ምስር ጋር ቢያደርገው ይሻለዋል። ከንፈር መድረቁ አይቀርም፤ ይሰነጠቃል፣ ሲስቁ ይደማል፣ ቫዝሊን ከኪስ አይጠፋም። ዓይን ይደርቃል፣ አፍንጫ ይነስራል። የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ከመጀመሩ በፊትና በመሀልም ይሠራል። ከዶክሲ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም፣ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ተጨማሪ ቫይታሚን ኤም አይወሰድም። ስለ ድብርት ብዙ ይነገራል፤ ትልልቅ ጥናቶች በአጠቃላይ ግንኙነቱን ባያሳዩም ስሜቱ የተቀየረ ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር አለበት፣ ቤተሰብም ልብ ይበል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ፅንስ ላይ የሚያደርሰው ነው። ገበያ ላይ በዋለ በዓመቱ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ሪፖርት መምጣት ጀመረ፤ ጆሮ፣ ልብና አንጎል ላይ። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከ2006 ጀምሮ አይፕሌጅ በሚባል ሥርዓት ሳይመዘገቡ መድኃኒቱን ማግኘት አይቻልም፤ ማርገዝ የምትችል ሴት በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች። ከመጀመሯ 1 ወር በፊት፣ እየወሰደች፣ ካቆመችም 1 ወር በኋላ እርግዝናን መከላከል አለባት። ይህን ሁሉ ያነሳሁት መድኃኒቱ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ሲመጣ ይህ ጥበቃ አብሮት ስለማይመጣ ነው። ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ ልትልኪላት ከሆነ፣ እባክሽ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ትይ፤ አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ፊታቸው እንዲቀላ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የሚቀቡ ሰዎች ላይ ቅባቱ ራሱ ብጉር ያወጣል። ያ ሳይቆም ምንም ኪኒን ቢዋጥ ዋጋ የለውም፤ አቋቋሙንም ሐኪም ቢመራው ይሻላል፣ በአንዴ ሲተው ፊት ይቆጣልና።

አይሶትሬቲኖይን ስድስት ወሩ ሞልቶ ሲቆም፣ ብዙ ሐኪሞች እንደ አዳፓሊን ያለ ቅባት ማታ ማታ እንዲቀጥል ያዛሉ። የፊት ፀጉርን በሰም መንቀል እስከ ስድስት ወር ይቆይ፣ ቆዳው ይላጣል። ደም የምትለግሱም ከመጨረሻዋ እንክብል በኋላ 1 ወር ጠብቁ፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላል።